ልጄ ታሪክ ካልተማርኩ አለችኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አይሱዙ ነው የምነዳው። ሦስት ልጆች አሉኝ። የመጀመሪያዋ ልጄ 12ኛ ክፍልን አልፋ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እኛ ብሎክ ላይ ያለፈ ልጅ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሲለን ነበር የከረመው።

አሁን ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ነጥቧ ጥሩ ነው። አካውንቲንግ ሊደርሳት ይችላል ይላሉ። እሷ ግን ታሪክ ካልተማርኩ ብላ ድርቅ አለች። እናቷም አልቻለቻትም። ጎረቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሳማክረው «ታሪክማ ሌላ ያልደረሰው ነው የሚማረው፤ ልጅህን አስተምረህ ሥራ ፈት ልታደርጋት ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

የቤቱን ዕዳ በየወሩ ለባንክ እከፍላለሁ። እሷ ስትመረቅ ታናናሾቿን ታግዝልኛለች ብዬ ነበር። በዚያ ላይ ልጅቷ በጣም ትደክማለች። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ተነስታ ትወጣለች፣ ማታ 2 ሰዓት ትገባለች። አንዳንድ ቀን እራቷን ሳትበላ ነው የምትተኛው። እህቴ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። እሷ ደግሞ «ልጅቷን ተዋት፣ የወደደችውን ትማር» ትለኛለች። ፎርሙ የሚሞላው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?

የተጨነቀ አባት፣ ከአባዶ

መልስ

ጋሼ፣ ፎርሙ ስለደረሰ መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። አይከልክሏት። ግን ዝም ብለውም አይተዋት።

ደብዳቤዎን ሳነበው እኔን ያስደነገጠኝ ታሪክ መምረጧ አይደለም። እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጓት ነገር ናት፤ 11 ሰዓት ተኩል ተነስታ ማታ 2 ሰዓት ትገባለች ያሏት። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳዎትን እንጨርስ።

ፍርሃትዎ መሠረት አለው። ልጅዎ ይህን ዓምድ «አየህ አባ፣ ልክ ነኝ» ልትልበት ካሰበች ይህችን ክፍል ደግማ ታንብባት። ታሪክ ተምሮ የወጣ ልጅ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሲቆም የራሱን ትምህርት ስም ብዙ ጊዜ አያገኘውም። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ በየወረቀቱ አለ። የታሪክ ተመራቂ በስሙ የሚጠራበት ዋናው ቦታ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሙዚየም፣ ቅርስ ጥበቃ፣ ቤተ መዛግብት፣ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ይመጣሉ። የመምህር ደመወዝና የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ደግሞ እንደማይተዋወቁ እርስዎም ያውቃሉ። ይህን ሸፋፍኖ «የወደደችውን ትማር፣ የቀረውን እግዜር ያውቃል» የሚል መካሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደፋር ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ጎረቤትዎ ያልነገሩዎትን እኔ ልንገርዎት። የአካውንቲንግ ማስታወቂያ ብዙ የሆነውን ያህል፣ ሰሌዳው ሥር የሚጋፋውም ብዙ ነው። አካውንቲንግ የማያስተምር ኮሌጅ ፈልገው አያገኙም። የመንግሥቱም የግሉም፣ የቀኑም የማታውም፣ የቅዳሜና እሁዱም የርቀቱም ያስተምራል። አንድ ቦታ ሲወጣ ስንት ሰው ሲቪውን ይዞ እንደሚሰለፍ ጎረቤትዎ የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ኃይል ክፍል ቢጠይቁ ይነግሯቸዋል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ሥራውን የወደደ ልጅ ነው። አባቱ ስለፈለገ ብቻ ሦስት ዓመት ዴቢትና ክሬዲት ሲቆጥር የከረመ ልጅ መሃል ላይ ነው የሚቆመው።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናው የሚመጣው በተማሩት ሙያ ነው፣ ያለፉት ዓመታት ኮርሶች ተሰብስበው። ሳይወዱ በችከላ ብቻ ያለፉት ኮርስ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይረሳል፤ በመጨረሻው ዓመት ግን ተመልሶ ይጠየቃል። ልጅዎ ፈተና አትፈራም፤ ያሳየችዎት ነገር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ከፍ ቢልም አሁንም የሚያልፈው ጥቂት ነው። ከዚያ ወንፊት የተረፈችን ልጅ «ሌላ ያልደረሳት» ማለት ነውር ነው።

«ሌላ ያልደረሰው ነው የሚማረው» የሚለው ነገር ግን ከሰማይ አልወረደም። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 ከመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ትምህርቶች እንዲመደብ አድርጎ ነበር። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል ተባለ። ያስፈልጋታልም። ግን በየቤቱ የደረሰው መልእክት «ጎበዝ ልጅ ሳይንስ፣ ደከም ያለው ሶሻል» የሚል ሆኖ ቀረ። ከሶሻሉም ውስጥ ደግሞ «ቢዝነሱ የጎበዝ፣ ታሪክና ፍልስፍና የተረፈው» ተባለ። ጎረቤትዎ ይህንን ነው የደገሙልዎት። ክፋት ያላቸው አይመስለኝም።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ግን የተጀመረው እንዲህ ባለው ትምህርት ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሲቋቋም መነሻው አርትስና ሳይንስ ነበር። ሌላው ሁሉ በኋላ እየተጨመረ የመጣ ነው። ፍሬሽማን ላይ ምን እንደተማረች ይጠይቋት። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ ትልዎታለች። ይህ የጋራ ኮርስ ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ነው ሦስት ዓመት የነበረው ትምህርት አራት የሆነው። ብዙ ተማሪ «ጊዜ ማባከን» ይለዋል። እኔ አልስማማም። የ18 እና የ19 ዓመት ልጅ ምን እንደምትወድ የምታውቀው ቀምሳ ነው። ልጅዎ ቀምሳለች፣ ከዚያም መረጠች። ሳትቀምስ የመረጠች ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

«እሺ፣ ታሪክ ተምራ ምን ትችላለች?» ይሉኛል። ነገሥታቱን በተርታ መጥራት አይደለም፤ ያንንማ ስልኳ ይነግራታል። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ጣሊያኖች የአዲስ አበባን ሕዝብ ፈጁት። ስንት ሰው ሞተ? የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 አለ። ጣሊያኖቹ እጅግ ያነሰ ቁጥር ነው የሰጡት። ኢያን ካምቤል የሚባል ተመራማሪ ከብዙ ዓመት በኋላ ምስክሮችን እያነጋገረ፣ ሰነድ እያመሳከረ 19,000 ገደማ ላይ ደረሰ። የታሪክ ተማሪ የምትማረው እዚህ መሃል መቆምን ነው። ማን ቆጠረ? መቼ ጻፈው? ቁጥሩ እንዲያንስ ወይም እንዲበዛ የሚፈልግበት ምክንያት ነበረው? ሌላ ምን ወረቀት አለ? ከዚያም ያገኘችውን ሰው በሚገባው ቋንቋ ትጽፋለች፣ የሚሞግታት ሰው ፊት ቆማ ታስረዳለች።

ይህ ችሎታ ጋዜጣ ክፍል ውስጥ ይፈለጋል። ኤምባሲ፣ ኢንሹራንስ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ የምርምር ተቋም ውስጥም ይፈለጋል። ችግሩ ማንም በማስታወቂያ ላይ «ታሪክ» ብሎ አይጽፈውም፤ «በማኅበራዊ ሳይንስ ወይም ተመሳሳይ ዘርፍ የተመረቀ» ነው የሚለው። ስለዚህ ልጅዎ በዲግሪዋ ስም ብቻ አትቀጠርም። በምታሳየው ነገር ነው፤ በጻፈችው፣ በተረጎመችው፣ በምታውቀው ቋንቋ፣ እሷን በሚያውቋት መምህራን። እነዚህ ነገሮች ደግሞ ክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጦ አይገኙም።

እንግዲህ ወደ 11 ሰዓት ተኩሉ ልምጣ።

ስድስት ኪሎ ግቢ ምን እንዳለ ልንገርዎት፤ በር ላይ አድርሰዋት ተመልሰው ይሆናል እንጂ ገብተው ላያዩት ይችላሉ። ዋናው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ሚኒስትሮቹና መኳንንቱ የተረሸኑት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ዛሬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። ሙዚየም አለው፣ የንጉሡም መኝታ ቤት እንደነበረ ተቀምጧል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ ብዙ ቦታ የማይገኝ መጽሐፍና የብራና ጽሑፍ ይገኛል። ፊት ለፊት ደግሞ የሰማዕታቱ ሐውልት ቆሟል። ስለ የካቲት 12 የምታነብ ልጅ መስኮቱን ከፍታ ቦታውን ታየዋለች። ይህን የሚሰጥ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አገር ውስጥ የለም።

በዚያው ግቢ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አለ። የሶሲዮሎጂ፣ የፍልስፍና፣ የአርኪዮሎጂ፣ የቲያትር፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ላውንጁ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ተናጋሪ ይመጣል፣ የመጽሐፍ ውይይት ይኖራል፣ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ጥናቱን ያቀርባል። ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ሲወርዱ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በታክሲ ትንሽ ራቅ ሲል ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ። ትልቅ ከተማ ውስጥ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መማር ጥቅሙ ይኸው ነው። ሃንድአውቱንማ ገጠር ያለ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል።

አሁን የልጅዎን ሳምንት እንቁጠር። ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ። የታክሲ ሰልፉን ጨምረን ለመሄድ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ብንል አላጋነንንም፤ ማታማ የመገናኛ ሰልፍ ብቻውን ስንት እንደሚፈጅ እርስዎ መንገድ ላይ ስለሚውሉ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በቀን አራት ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ሃያ ሰዓት። ክፍል ውስጥ የምትማረው ደግሞ በሳምንት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ገደማ ነው። ልጅዎ ከመምህራኖቿ ይልቅ ከታክሲ ረዳቶች ጋር ነው ብዙ የምትውለው!

እና ምን ይሆናል መሰለዎት? የመጨረሻው ክፍል እንዳለቀ ሰልፉ ሳይረዝም ልድረስ ብላ ትሮጣለች። ሌሎቹ መምህሩን ኮሪደር ላይ ይዘው ሲጠይቁ እሷ በር ላይ ናት። ውይይቱ በ11 ሰዓት ሲጀመር እሷ መገናኛ ናት። በ12 ሰዓት እርስዎ ይደውላሉ፤ «የት ደረስሽ?» ይላሉ። የአባት ወግ ነው፣ አልፈርድብዎትም። ከቤት ስትደርስ ደክሟት ትተኛለች። የሰብዓዊ ትምህርት ጥቅሙ ያለው በንባብና በሰው ነው ብለናል። የምታነብበት ሰዓት ከሌላት፣ ሰዎቹንም የማታገኝ ከሆነ፣ ታሪክ ክፍል ሦስት ዓመት ተመላልሳ የምትይዘው ባዶ ዲግሪ ነው። ያኔ ጎረቤትዎ ልክ ይሆናሉ።

አካውንቲንግ ብትማርም መንገዱ ያደክማታል። ግን አካውንቲንግ በመማሪያ መጽሐፉና በመልመጃው ብዙ ርቀት ይወስዳል። ታሪክ ግን አይወስድም። ስለዚህ እርስዎ «ታሪክ ወይስ አካውንቲንግ» ብለው ሲጨነቁ የከረሙበትን ያህል «ልጄ ሳምንቷን የት ታሳልፍ» በሚለው ላይ ይጨነቁ።

ከሁሉ በፊት ስለ ዶርም ትጠይቅ። በደብዳቤዎ አላነሱትም። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነች አይሰጣትም ብላችሁ ትታችሁት ከሆነ፣ ደንቡ ከዓመት ዓመት ሊለዋወጥ ስለሚችል ራሷ የተማሪዎች አገልግሎት ሄዳ በጽሑፍ ታመልክት። የምትመላለስበትን ርቀት፣ የምትወጣና የምትገባበትን ሰዓት ትግለጽ። እንቢ ቢሏት የከሰረችው አንድ ወረቀት ነው።

ያ ካልሆነ እህትዎ አሉ። ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ነው፤ ታክሲ ከጠፋም በእግር ይደረሳል። ሳምንቱን ሙሉ ትኑር አላልኩም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት አክስቷ ዘንድ ብታድር፣ በሳምንት ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት ተመልሶ ይመጣላታል። ያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ስፔስ»፣ የማንበቢያ ቦታ ማለት ነው፣ ይዛ የምታነብበት ነው። ቤቱ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ሴት ልጅ ከቤት ውጭ አደረች የሚል ሰውም አይጠፋም። ግን አክስቷ ናት፣ ባዕድ አይደለችም፤ ሥጋ ዘመድ ከተማ ውስጥ ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?

አንዳንድ ቤተሰብ ሽሮ ሜዳ ወይም ፈረንሳይ አካባቢ ሦስት አራት ተማሪዎችን አሰባስቦ አንድ ክፍል ይከራያል። ከአቅምዎ በላይ ነው ብዬ ስለገመትኩ አላስረዝመውም።

አባዶ በምታድርባቸው ቀናት ደግሞ የስልክ ጥሪውን ሰዓት ይቀይሩት። በሳምንት አንድ ቀን አምሽታ እንድትመጣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ለምሳሌ ውይይት ባለበት ቀን። የት እንዳለች፣ ከማን ጋር እንደምትመጣ ትንገርዎት። የአባዶና የአያት ልጆች ግቢው ውስጥ ሞልተዋል። አብረው ይመለሳሉ፣ መኪና ያለው ጓደኛም አይጠፋም። እርስዎም በዚያ ሰዓት በዚያ በኩል ካለፉ ያንሷት። የአይሱዙ ጋቢና ደግሞ ለአባትና ልጅ ወሬ ምቹ ነው።

አሁን ወደ እሷ ልዙር። አባቷ ይህን ሁሉ ካደረጉላት እሷም የምታደርገው አለ። ይህንን ያንብቡላት።

ታሪክ ማለት ንባብ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ። 12ኛ ክፍል መምህሯ ሲተርኩላት የወደደችው ትረካውን ከሆነና ለማንበብ ግን የምትሰለች ከሆነ አሁኑኑ ትናገር። ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት የታሪክ ክፍል የጂሲ (የመመረቂያ ዓመት) ተማሪዎችን ፈልጋ ታግኝ። በሴሚስተር ስንት መጽሐፍ እንደሚያነቡ፣ ምን እንዳስመረራቸው፣ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ትጠይቃቸው። የሚያማርሩትን በደንብ ትስማ። ሁለተኛ ዓመት ከተጀመረ በኋላ ዲፓርትመንት መቀየር ቀላል አይደለም።

ከታሪክ ጎን አንድ ሌላ ነገር ትያዝ። አንድ ብቻ፤ አምስት የጀመረ አንዱንም አይጨርስም። የእኔ ምርጫ ቋንቋ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ሰነድ የተጻፈው በአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በግዕዝ፣ በአረብኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛም ነው። ፈረንሳይኛ ብትመርጥ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ፒያሳ በኩል ነው፣ ለስድስት ኪሎ አይርቅም። ቋንቋ የምታውቅ የታሪክ ተመራቂ ኤምባሲም፣ ዓለም አቀፍ ድርጅትም፣ አስጎብኚ ድርጅትም ይፈልጋታል። ቋንቋ ካልሆነላት የኮምፒውተር የመረጃ ሥራ ትማር፤ ኤክሴልን በደንብ የሚያውቅ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራቂ እንደምናስበው ብዙ አይደለም። ጎረቤትዎ ኤክሴል ሊያሳዩአት ይችላሉ፤ በዚህ ሰበብም ትስማማላችሁ።

ማስተማርን አትናቀው። ለብዙ የታሪክ ተመራቂ የመጀመሪያው ደመወዝ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ከዲግሪው ሌላ የማስተማር ሥልጠና ሊያስፈልጋት ይችላል። የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በእናንተው አቅጣጫ ነው። መምህር ሆኖ እየሠሩ ማስተርስ የተማሩ፣ ከዚያ ወደ ምርምር የገቡ ጥቂት አይደሉም።

በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋለች። ይህን ከአሁኑ ታስብበት። የስድስት ኪሎ የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸው ጽሑፎች ትልልቆቹ የታሪክ ምሁራን መጻሕፍት ግርጌ ላይ ተጠቅሰው ይገኛሉ። የ22 ዓመት ልጅ የጻፈውን ፕሮፌሰር ይጠቅሰዋል ማለት ነው፤ በሌላ ትምህርት ይህ ብዙ አይታይም። ርዕስ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት አባዶ የእርሻ መሬት ነበር። ያረሱት ሰዎች፣ ልጆቻቸው፣ ከብት ያገዱበትን ቦታ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሁንም በአካባቢው አሉ። ያን ታሪክ በደንብ ያጠና ሰው ገና ብዙ አይደለም። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች የሚተርኩት በኦሮምኛ ነው፤ ከፈረንሳይኛው በፊት ኦሮምኛዋን ብታጠናክር እንዲያውም እኔ ደስ ይለኛል። እርስዎም በሾፌርነትዎ የማያውቁት መንደር የለም፣ ሰዎቹን የሚያገናኟት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለ ታናናሾቿ ያሉትን አልረሳሁትም። የመጀመሪያ ልጅ ላይ ይህ ሸክም እንደሚጫን የታወቀ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። ግን ቁርጡን ንገሯት። «ከተመረቅሽ በኋላ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ የዚህን ልጅ የትምህርት ወጪ ትረከቢያለሽ» ይበሏት። በደፈናው «ታግዘናለች» ሲባል የምትሰማው ፍርሃት ብቻ ነው። የወጪ መጋራት ውል ፈርማ ከሆነም ዕዳው በስሟ ነው፤ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ይቆረጣል። ይህንንም በሒሳቡ ውስጥ አስገቡት። ስንት እንደሚጠበቅባት ካወቀች ከሁለተኛ ዓመት ጀምራ የምታስጠናው ልጅ፣ የምትተረጉመው ወረቀት ትፈልጋለች። አያትና ሲኤምሲ በኩል አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ ብዙ ነው። ስድስት ኪሎ የምትማር አስጠኚ ደግሞ ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ አንደኛው ሴሚስተር ሲያልቅ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ውጤቷን ብቻ አይጠይቋት። የትኛውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አውጥታ እንዳነበበች፣ ስሟን የሚያውቅ መምህር እንዳለ ይጠይቋት። መልስ ካጣች መንገዱ አሁንም እየበላት ነውና የአክስቷን ቤት ሌሊቶች ጨምሩ።

ለእህትዎ ዛሬ ይደውሉ፤ ፎርሙን አይጠብቁ። «ተዋት» ያሉት እሳቸው ስለሆኑ እንቢ ይላሉ ብዬ አላስብም። ባዶ እጅዎን ግን አይሂዱ። ሴት ልጅ ስታድር ውኃ አለ፣ መብራት አለ፣ እራት አለ፤ ዘመድ ስለሆኑ አይጠይቁዎትም፣ ወጪው ግን ወጪ ነው። በየወሩ የሚችሉትን ያህል ጤፍ አስፈጭተው በአይሱዙው ያድርሱላቸው። ፍራሽም ይዘው ይሂዱ።